ለሙሽራው መግቢያ የተላከው ሆቨርቦርድ

ሻርጃ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሙሉ፤ ሐረር፣ ፈላና በር

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሙቀቱ በቀር፣ ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ። የጉልበትዎ ሕመም እንዴት ሆነ? እህቴ ማህሌትስ? ሙሽራው ዮናስስ ከባንክ ሥራው ጋር የሠርጉን ሽር ጉድ ቻለው? ግድግዳ ለምንጋራቸው ለእማማ ሐሊማና ለልጃቸው ለነስሮም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ስልክ አላነሳም ብለው ስለማሉብኝ እንደ ድሮ ሰው መጻጻፋችን ነው። ይህን ደብዳቤ እንዳዘዙኝ ለሜሮን ፎቶ ኮፒ ቤት በቴሌግራም ልኬዋለሁ፤ አትማ ትሰጥዎታለች። የእርስዎንም መልስ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።

እትዬ፣ እናትና አባታችን ካረፉ ወዲህ እኔንና ማህሌትን ያሳደጉን እርስዎ ነዎትና ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ለጥር 18ቱ ሠርግ መምጣት አልቻልኩም። የምሠራበት ሆቴል በዚያ ሰሞን በእንግዳ ስለሚጨናነቅ አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ።

ነገር ግን በቦታዬ ስሜን የሚያስጠራ ስጦታ ልኬያለሁ። ሆቨርቦርድ ይባላል። ግራና ቀኝ ጎማ ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ሰው ቆሞበት ወደፊት ዘንበል ሲል የሚሄድ ነገር ነው። መሪ የለውም፣ መያዣም የለውም። ሙሽሮች በእሱ ሆነው አዳራሽ ሲገቡ በቪዲዮ አይቻለሁ፤ ጭስ ይለቀቃል፣ ሙዚቃው ይመታል፣ ሙሽራው መሬት ሳይረግጥ ይመጣል። ዮናስም እንዲሁ ወደ ማህሌት እየተንሳፈፈ ሲመጣ ሐረር አፏን ከፍታ ትቀራለች።

አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። ይህ ግን አንድ ሰው ገዝቶ የመለሰው፣ እዚያው ሱቅ ተፈትቶ ባትሪው ተቀይሮ የታደሰ ስለሆነ በርካሽ አገኘሁት። አብሮኝ የሚኖረው ቢኒያምም ከዚያው ሱቅ ለራሱ አንድ ገዛ። ነጋዴው አደም ከዕቃው ጋር ጭኖ በድሬዳዋ በኩል ያደርስልዎታል። ሲደርስ ፎቶውን ይላኩልኝ።

ምርቃትዎን ስንቅ አድርጎ የሚኖረው ልጅዎ፣
ኤርሚያስ


ሐረር፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤርሚያስ

እመቤቴ ከክፉ ሁሉ ትጠብቅህ፤ ከራስህ ብልጠት ደግሞ አስቀድማ ትጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ጡረታ እስክወጣ እንደሠራሁበት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሆኗል፤ ሲፈልግ ይከፈታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል። ማህሌትም ዮናስም ደህና ናቸው።

ስልክ ለምን እንደተውኩ አትርሳ። «መቼ ትመጣለህ?» ባልኩህ ቁጥር ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ወረቀት ላይ ግን ኔትወርክ አይቆራረጥም፤ የዋሸ ሰው በጽሑፉ ይያዛል።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሜሮንንም አስነበብኳት፤ ዓይኔ ያሳሳተኝ መስሎኝ ነበር። ሱፍ የለበሰ፣ ክራቫት ያሰረ የባንክ ሠራተኛ፣ የአባቱ ጓደኞች ቆመው እያዩት፣ ጣውላ ላይ ወጥቶ ይንሸራተትልኝ ነው የምትለው? በእግሩ መግባት ያቃተው ሙሽራ ቤት ይመራል? ደግሞ «ሐረር አፏን ከፍታ ትቀራለች» ትላለህ። ትከፍታለች እንጂ፤ ሐረር ለሳቅ አፏን ለመክፈት ሰበብ አጥታ አታውቅም።

ሁለተኛው ነገር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማህም? ልብስ ቢሆን ሰልባጅ ነው ብለን አጥበን እንለብሰዋለን። ይህን ግን የመጀመሪያው ሰውዬ ለምን መለሰው? ሰው የወደደውን ዕቃ አይመልስም። ጠይቀሃል? አልጠየቅህም። ርካሽ ነው ሲሉህ ዓይንህ በራ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲሁ ነህ። ሜሮን ደግሞ «እትዬ፣ አንዳንዱ ቻርጅ ላይ እያለ እሳት ያስነሳል ሲባል ስልኬ ላይ አይቻለሁ» አለችኝ። የፎቶ ኮፒ ልጅ የምታውቀውን አንተ ዱባይ አጠገብ ተቀምጠህ ካላወቅህ ምን ልትሠራ ሄድክ?

የፈላና በርን ድንጋይስ ረሳኸው? እዚህ አህያ እንኳ እግሯን ከማንሳቷ በፊት ታስባለች።

ስጦታ ይላክልን ብለን አልጠየቅንም። እህትህን እጇን ይዞ የሚያስረክባት ወንድም ነው የጠየቅነው። ዕቃውን ተወውና ሰውየውን ላክ።

ልብ ይስጥህ እያለች የምትጸልየው አክስትህ፣
ሙሉ


ሻርጃ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ ሙሉ

እንደምን ሰንብተዋል? የመድኃኔ ዓለም ቸርነት አይለያችሁ። ሥራ በዝቶብኝ መልሴ ዘገየ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እትዬ፣ አይቆጡኝና ሁሉንም ነገር መናቅ ደግሞ ጥሩ አይደለም። ሜሮን ያየችው የድሮዎቹን ነው። አሁን ተሻሽለዋል። የሱቁ ባለቤት በእናቱ ምሎልኛል። ደህንነቱ ተፈትሿል የሚለው ተለጣፊ ምልክት የለውም ብለው እንዳይደነግጡ፤ ሲታደስ ተልጦ ነው ብሎኛል። ቢኒያም የገዛው ከመጣ ጀምሮ እንደ ሰዓት ይሠራል፤ ወደ ሱቅ በእሱ ነው የሚሄደው፤ የሰፈራችን ሕንዶች ሁሉ ይቀኑበታል።

የመጣሁ እንደሆነ ሥራዬን አጣለሁ። ይህን ማህሌት ትረዳኛለች። እዚያ ያለ ሰው ውጭ ያለ ሁሉ እንደፈለገው የሚወጣ የሚገባ ይመስለዋል። ሠርጉ ላይ እኔ ቆሜ ከምታይ ይልቅ ስጦታዬ ሰው ቢያስደንቅ ይሻላል፤ የእኔ መልክማ ያው የሚያውቁት ነው።

አደም መንገድ ላይ ነው። እንደደረሰ ይጻፉልኝ፤ ዮናስም ልምምዱን ይጀምር።

ሁልጊዜ የሚያስብዎት ልጅዎ፣
ኤርሚያስ


ሐረር፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤርሚያስ

ሰላም ላንተ ይሁን። የነቢያት ጾም ይዞናልና ከክፉ ቃል ልጾም ብዬ ነበር፤ ዕቃህ መጣና አስገደፈኝ።

አደም አምጥቶልኛል። ካርቶኑ ላይ የአየር ማራገቢያ ሥዕል አለበት። ማራገቢያ ነው ብዬ ተደስቼ ከፈትኩት። ውስጡ ሐምራዊ ነገር ተጋድሟል፤ አንድ ጎኑ ተሰንጥቆ የኮከብ ስቲከር ለጥፈውበታል። ስንጥቅን በኮከብ የሚሸፍን ሰው ባትሪውን በምን እንደሸፈነው እግዜር ይወቅ። አደምን «ይህ ነገር ደህና ነው?» አልኩት። «እኔ ጫንኩ እንጂ አልሠራሁትም፤ ወላሂ ደህንነቱን አላውቅም» አለኝ። ከሁላችሁም የተሻለ እውነት የተናገረ እሱ ነው።

ለማንኛውም የልጅ ስጦታ ነውና በክብር ይዤዋለሁ። አቧራ እንዳይገባው ዳንቴል አልብሼ፣ በላዩ ጋቢ ደርቤበት እኔ አልጋ ሥር ነው ያለው። ማህሌትም ከአዲስ አበባ ያስመጣችውን ቬሎ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅላዋለች፤ ጠዋት ስነሳ ነጭ ለብሶ የቆመ ሰው እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። መብራታችን እንደምታውቀው ነው፤ ሲመጣ እንግዳ፣ ሲሄድ ቤተሰብ ሆኗል። ስለዚህ ዕቃህን ከሶኬት ነቅለነው አናውቅም፤ መብራቱ በመጣ ጊዜ ራሱ ይሞላ። እዚህ አገር ውሃ ሲመጣ አፍ ያለውን ሁሉ እንሞላለን፣ መብራት ሲመጣ ጭራ ያለውን ሁሉ እንሰካለን። ይህን መቼም አልረሳኸውም።

አንድ ጥቅም አግኝቼበታለሁ። ሲሞላ ይሞቃል። ማታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የታመመውን እግሬን አስደግፈዋለሁ። ከሐኪሙ ቅባት ይሻላል።

ዮናስ ሁለቱ ሚዜዎቹ ብብቱን ይዘውት ግቢ ውስጥ ሞከረው። ቁመቱን የምታውቀው ነው። ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን ነው የመሰለኝ። ሐሊማ በበሩ ብቅ ብላ «ማሻአላህ፣ ሙሽራው ታሟል እንዴ?» አለች። ያን ቀን ብቻ ሳቅሁ።

ከነስጦታህ እግዜር ይባርክህ፣
ሙሉ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሙሉ

እንዴት ነዎት? ሰላም ነው ሁሉ?

እትዬ፣ በመድኃኔ ዓለም ይዤዎታለሁ፣ ሲሞላ ይንቀሉት። ዳንቴሉንም ጋቢውንም ያንሱለት። አልጋ ሥር አያስቀምጡት። እግርዎንም አያስደግፉት። ሰው በሌለበት አይሰካ፣ ተኝታችሁም አይሰካ። የሚቻል ከሆነ ግቢ፣ ድንጋዩ ላይ ይሁን። የቻርጀሩ መብራት ቀይ ነው አረንጓዴ? ሽታ አለው? ይህን ሁሉ የምለው ባትሪው ዕድሜው እንዳያጥር ነው።

የምንኖርበት ሕንፃ አስተዳዳሪዎች ይህን ዕቃ ክፍል ውስጥ ማስገባት ከልክለዋል። የእነሱ ነገር ያው ሕግ ማብዛት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ቢኒያም ትንሽ አሞት ሆስፒታል ስለሆነ እሱን ለመጠየቅ እየተቻኮልኩ ነው። ቶሎ ይጻፉልኝ።

ኤርሚያስ


ሐረር፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤርሚያስ

እግዚአብሔር ቢኒያምን ይማረው። አንተንም ከምትሸሽገው ነገር ያውጣህ።

ስለ ሠርጉ ስጽፍልህ ሥራ በዝቶብህ ሳምንታት ያልፋሉ። እግሬን አስደገፍኩት ስልህ በሳልስቱ መለስክልኝ። ስለ ጉልበቴ እንዲህ የሚጨነቅ ልጅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር! ዕድሜ ልኬን የሰው ክስና መልስ ሳነብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያለምክንያት የተጻፈ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ «ሌላ ምክንያት የለውም» የሚል ሰው ደግሞ ምክንያቱን ጉያው ውስጥ ይዞታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ስለዚህ በአጭሩ ልጠይቅህ፣ በአጭሩ መልስልኝ። ይህ ነገር እሳት ያስነሳል ወይስ አያስነሳም? አዎን ከሆነ አዎን በል፤ ዛሬውኑ ወስጄ እቀብረዋለሁ፤ አልወቅስህም። ደግሞ ቢኒያምን ያመመው ምንድን ነው? ወባ ነው? ጨጓራ ነው? ሆስፒታል የሚያስተኛ በሽታ ስም አለው።

እስክትመልስልኝ ነቅዬ ከአልጋዬ ሥር አውጥቼዋለሁ። የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ አለው። ከመጀመሪያውም ነበረው፤ የውጭ አገር ዕቃ ሽታ ነው ብዬ ትቼው ነው።

መልስህን የምትጠብቀው፣
ሙሉ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እትዬ ሙሉ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ፤ አደረሳችሁ። በዓሉን የሰላም፣ የጤና፣ የፍቅር ያድርግላችሁ። ለማህሌት፣ ለዮናስ፣ ለእማማ ሐሊማ፣ ለሜሮንም ሰላምታዬ ይድረስ።

ስለጠየቁኝ ነገር፣ አያስነሳም። ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ነገር የለውም። ጥንቃቄ ለማንኛውም ዕቃ ጥሩ ነው ብዬ ነው። ቢኒያምም እየተሻለው ነው፤ የቆዳ ነገር ነው።

ነገር ግን አስቤበት እርስዎ ትክክል ነበሩ። ዮናስ በእግሩ ይግባ። የአገር ባህል ነው፤ ክብርም አለው። ዕቃውን ቤት ውስጥ ማስቀመጥም አያስፈልግም፣ ቦታ ይይዝባችኋል። ለፈለጉት ሰው ይስጡት። ዛሬ ነገ ሳይሉ ቢያወጡት ደስ ይለኛል። ለማህሌት ሌላ ስጦታ እፈልጋለሁ።

አክባሪዎ፣
ኤርሚያስ


ሐረር፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኤርሚያስ

እንኳን አብሮ አደረሰን። «እርስዎ ትክክል ነበሩ» የሚለውን ቃል ካንተ ብዕር ሳነብ እንደ ስለት ልጅ ቆጠርኩት፤ ሜሮንን ሁለት ኮፒ አስወጥቻታለሁ።

ምክርህ ሲደርስ ዮናስ ወድቆ ነበር። እኔ ነቅዬ ባስቀምጠው ሚዜዎቹ ሰክተው ሞልተው አዳራሹ ድረስ ወስደውታል፤ ልምምድ ነው አሉ። ወደፊት ዘንበል ሲል ዕቃህ ወደኋላ ሄደ። ባለ ብዙ ዲግሪው ሙሽራችን በጀርባው ተነጠፈ። ክርኑ ተላጠ እንጂ ሌላ አልሆነም። እናቱ መጥተው «ወንድሟ አስቦ ነው የላከው» አሉኝ፤ በምን ድምፅ እንዳሉት ብትሰማ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ትል ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አልኩና አለፍኩት።

አሁን ከቤቴ ወጥቷል። ለነስሮ ሰጠሁት። የድንኳን ወንበር በባጃጁ ሊያመላልስልኝ መጥቶ ደጃፍ ላይ ሲያየው ዓይኑ ፈጠጠ። «አቦ ሙሉ! ይሄን ልትጥዪው ነው? ለኔ ስጪኝ፣ ማታ ማታ አደባባይ ላይ ለልጆች አከራየዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ልጅ አፍ «እርስዎ» ወጥቶ አያውቅም። ውሰድ አልኩት። ሽታውን አልወደድኩትም ብዬ ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። የሚነዳው ባጃጅ ራሱ ከዚህ አይሻል፤ በሽቦና በዱዓ ነው የሚሄደው። እነሱ ቤት ሶኬቱም እንደ ሸረሪት ድር የተቀጣጠለ ነው፤ እስከ ዛሬ ምን ሆኑ? የለመዱት ነው።

ሐሊማማ ምርቃቱን አወረደችው። ከኤረር በር ንግዷን ዘግታ ስትመለስ ትልቅ ማንጎ መርጣ አምጥታልኛለች። «አላህ ይስጥሽ፣ ኤርሚያስንም አላህ ይጠብቀው፤ ልጄ ዳቦ አገኘ» አለችኝ። እንግዲህ እናንተ አገር ሰው የመለሰው ነገር እዚህ ዳቦ ሆኗል፤ ተመረቅህበት።

ካንተ ዕቃ የተገላገለችው አክስትህ፣
ሙሉ


ሻርጃ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሙሉ

ከእነ ሐሊማ ቤት ያውጡት። ይህን ደብዳቤ እንዳነበቡ ይሂዱና ያውጡት። እንዳይሰኩት ይንገሯቸው።

ዋሽቼዎታለሁ። ቢኒያም የታመመው በእሱ ነው። እንደ እናንተ ሰክቶት ተኝቶ ነበር። ከአልጋው ሥር ነደደ። እግሩና ጀርባው ተቃጥሏል፤ እስካሁን ቆዳ እየለጠፉለት ነው። አንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ባትሪው የማይረባ ነው አሉን። የእኔ ከተላከ በኋላ ስለሆነ ከመላኬ በፊት አላወቅሁም፤ ይህን ይመኑኝ። እርስዎ እግሬን አስደገፍኩ ብለው ሲጽፉልኝ ግን አውቅ ነበር።

«የላክሁት ዕቃ ይቃጠላል» ማለት አቃተኝ። እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ያለፈውን ሁሉ ቆጥረው እንደሚያነቡልኝም አውቃለሁ። ከእናንተ ቤት ብቻ ይውጣልኝ ብዬ ነው ስጡት ያልኩት፤ ለማን የሚለውን አላሰብኩም። ማህሌት እናቷ ስትሞትባት ያጠባቻት ሐሊማ ናት። ነስሮ ወንድሟ ነው። ለማህሌት ልደውል ስልኬን ያዝኩና በሠርጓ ሰሞን ምን ብዬ ልንገራት ብዬ አስቀመጥኩት።

እባክዎ ቶሎ ይሂዱ።

ኤርሚያስ


ሐረር፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤርሚያስ

ሰላምታ አልጽፍልህም። የሆነውን ብቻ ልንገርህ።

ደብዳቤህ እንደመጣ ሜሮን ልካብኝ ነበር። «ከኤርሚያስ መጥቷል፣ ይውሰዱት» አለችኝ። ድንኳን እያስተከልኩ፣ በርበሬ እያስፈጨሁ ነበር። «የእሱ ሰበብ ከሠርጉ በኋላ ይደርሳል፤ ጠቅልለሽ አስቀምጪልኝ» አልኳት። ጥምቀትም በመሃል አለፈ። የሰው ደብዳቤ የማታነብ ልጅ ናትና ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። እዚያ ተቀመጠ።

ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ቀትር ላይ፣ ጠፍቶ የከረመው መብራት መጣ። ነስሮ ምሳ ሊበላ ገብቶ ኖሮ እንደ ሁላችንም ያለውን ሁሉ ሰካካ፤ ዕቃህን እናቱ አልጋ ሥር አስገብቶ ሰካው። ሐሊማ በዚያው ክፍል ዙህር እየሰገደች ነበር። እኔ ግድግዳው ማዶ ነበርኩ። እንደ ርችት ያለ ነገር ተንጣጣ። ቀጥሎ ነስሮ «ኡሚ ውጪ! ውጪ!» ሲል ሰማሁ። ስወጣ ያን ነገር በሁለት እጁ ታቅፎ ከበሩ ሲወጣ አየሁት። ነበልባሉ ደረቱ ላይ ነበር። መንገዱ ላይ ወረወረውና ድንጋዩ ላይ ብቻውን ሲነድ ቆየ። አሸዋ ብንደፋበትም እየተንጣጣ እንደገና ይነሳ ነበር። ያ ጥቁር ጭስ እስከ ቅጥሩ በር ድረስ ታየ ይላሉ።

እናቱን አተረፈ፤ እጁን ግን አጣ። መዳፉና ክንዱ ተልጧል። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ዳግመኛ የሚታጠፉ አይመስለንም ብለዋል ሐኪሞቹ። የባጃጁ ባለቤት ለሌላ ሹፌር ሰጥቶታል፤ በእነዚያ ጣቶች መሪ አይያዝም።

ሠርጉን እናራዝም አልን። ማህሌት አለቀሰች። ሐሊማ ከሆስፒታል መጥታ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው። ልጄ አልሞተም፤ የልጄን ሠርግ ደግሞ እኔ አላስቀርም» አለች። «የልጄን» ያለችው ማህሌትን ነው። ሠርጉ ሆነ። ዮናስ በእግሩ ገባ። ሐሊማ የሙሽሪት እናት ቦታ ተቀምጣ እልል ስትል ሻሿ የጭስ ሽታ ነበረው፤ ጎኗ ተቀምጬ ሸተተኝ።

ትናንት ሜሮን ዘንድ ሄጄ ደብዳቤህን አነበብኩ። ቆሜ ነው ያነበብኩት። አንተ ፈሪ። ስልክ በእጅህ ነበር። «ሰው ይስቅብኛል» ብለህ ሰው አስቃጠልክ። ሳቄ ይህን ያህል ያስፈራህ ነበር? ቀድሞ በነገርከኝ የምስቅብህ አንድ ሳምንት ነበር፤ አሁን ዕድሜ ልኬን የምስቅበት ነገር የለኝም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ አንተ ዋሸህ፣ ነስሮ ነደደ።

ይህን ሁሉ ስድብ ከመንገድ ጀምሬ አዘጋጅቼ ወደ ሐሊማ ቤት ገባሁ። መደበቅ አልቻልኩም፤ ነገርኳት። ነስሮ እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለው ተኝቶ ነበር። እሷ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰችው ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ማንኪያውን አስቀመጠችና «ኤርሚያስ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ያውቅ ነበር» አልኳት።

እርግማን ጠበቅሁ፤ ባንተ ላይ አብረን ልንራገም ተዘጋጅቼ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «አንቺስ ሙሉ?» አለች።

እሳት እንደሚያስነሳ አልተነገረኝም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሸቶኝ ነበር። የቢኒያም «የቆዳ ነገር» ምን እንደሆነ ልቤ ነግሮኝ ነበር። ጣል ያልከኝ መስሎኝ ነው የጣልኩት፤ የት እንደምጥለው ሳስብ የታየኝ የሐሊማ ደጅ ነው። ማህሌት ከምትተኛበት ቤት ያወጣሁትን ነገር እሷን ላጠባች ሴት መርቄ ሰጠሁ፣ ማንጎም ተቀበልኩበት። «የለመዱት ነው» ብዬ በእጄ ጽፌልሃለሁ።

«ሸቶኝ ነበር፤ አልነገርኩትም» አልኳት።

ነስሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ያ ግድግዳ በእኔ በኩል አልጋዬ የተጠጋበት ነው። ሐሊማ ማንኪያውን አንስታ ማጉረሷን ቀጠለች። ቆሜ ቆየሁ። ተቀመጪ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ምንም ነገር እንዳትልክ። ዕቃም፣ ማጽናኛም፣ ይቅርታም በሜሮን በኩል አልቀበልም። ሥራህን ብታጣም ና፤ በዚህ በር በእግርህ ግባና ለሐሊማ ራስህ ንገራት። ለሠርግ አልመጣህም፤ ለዚህ ና።

ነገ ጠዋት ፋሻው ይቀየራል። ውሃ እያፈሰሰ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታልና እሄዳለሁ። ታስገባኝ እንደሆነ አላውቅም።

ሙሉ